አምስት ባክስላሽ የበላብኝ ሁለት ሌሊት

ሚድልዌር፣ ማለትም ሰርቨር ላይ የመጣ ጥያቄ መልስ ከማግኘቱ በፊት የሚያልፍበት ኮድ፣ መጻፉ ራሱ ቀላል ነው። በኤክስፕረስ (በጃቫስክሪፕት ሰርቨር መሥሪያ) ሪኩዌስት (የመጣውን ጥያቄ)፣ ሪስፖንስ (የሚላከውን መልስ) እና ኔክስትን (ወደ ቀጣዩ ኮድ ማሳለፊያውን) የሚቀበል ፋንክሽን ትጽፋለህ፤ ሥራህን ጨርሰህ ኔክስትን ትጠራለህ። ካልጠራህና መልስም ካልላክህ ብራውዘሩ ሲሽከረከር ይቆያል። ይህን ያልረሳ የለም፣ ልለፈው።

እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ከሌላ ድርጅት ሰርቨር የክፍያ ማሳወቂያ ይመጣልናል። እነሱ በጋራ ምስጢራዊ ቁልፋችን በኤችማክ ሻ-256 (ቁልፉንና የመልእክቱን ባይት አጣምሮ ኮድ በሚያወጣ ስሌት) ፊርማ አስልተው በሄደር (ከመልእክቱ ጋር በሚላክ የመረጃ መስመር) ይልካሉ፣ እኔም አስልቼ አመሳክራለሁ። ለዚህ የራሴን ሚድልዌር ጻፍኩ። የጄሰን ፓርሰሩ (ጄሰን በተባለው ቅርጽ የመጣውን ጽሑፍ ወደ ዳታ የሚፈታው) ከላይ ተቀምጧል፤ ያየሁት ምሳሌ ሁሉ እንደዚያ ነበራ። ፓርሰሩ የፈታውን በስትሪንጊፋይ መልሼ ጽሑፍ አደረግኩትና ፊርማውን አሰላሁ። ቴስቱ በሙሉ አለፈ። ደረቴን ነፋሁ።

በማግስቱ አንዳንዱ መልእክት ያልፋል፣ አንዳንዱ 401 (ማንነትህ አልተረጋገጠም የሚል ስህተት) ይበላል። ሁሉም ቢወድቅ በተሻለኝ! ቁልፉን ቀየርኩ። የሰርቨሩን ሰዓት ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ለላኪዎቹ «ፊርማችሁ ተበላሽቷል» የሚል ቆጣ ያለ ኢሜይል ላክኩ። «የሚያሰሉት በደረሰዎት ባይት ላይ ነው?» ብለው በአንድ መስመር መለሱ። ይባስ ተናደድኩ። ጥያቄው የገባኝ በሁለተኛው ሌሊት ነው።

የመልእክቱን ርዝመት በባይት የሚናገረውን የኮንተንት ሌንግዝ ሄደርና የእኔን ጽሑፍ ርዝመት ጎን ለጎን ሎግ ላይ አወጣሁ። የእነሱ 214፣ የእኔ 209። አምስት ባይት የት ገባ? መልእክቱ ውስጥ ሊንክ አለ፤ ሊንኩ ውስጥ አምስት ስላሽ (/)። እነሱ የሚጠቀሙት ፒኤችፒ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ዳታን ወደ ጄሰን የሚቀይረው የፒኤችፒ ጄሰን ኢንኮድ ተው ካላሉት በየስላሹ ፊት ባክስላሽ (\) ይጨምራል፣ ስትሪንጊፋይ አይጨምርም። ትርጉሙ ያው ነው፣ ባይቱ ግን ሌላ፤ ፊርማ ደግሞ ትርጉም አያውቅም። የቴስት መልእክቶቼ? አንድም ሊንክ የለባቸውም። የጻፍኳቸው እኔው ነኝ።

አሁን ሰዎች የሚሉትን ትቼ ፓርሰርን ለመላው አፕ ከላይ አልጭንም፤ ለሚያስፈልገው ራውት (የሰርቨሩ አድራሻ) ብቻ እሰጣለሁ። ፊርማ ለሚመጣበት ራውት የኤክስፕረስን ሮው አስገባሁ፣ ጥሬው ባይት እንዳለ ይደርሰኛል። ሮውም የራሱ ጣጣ አለው። ታይፑን (የሚቀበለውን የይዘት ዓይነት) አፕሊኬሽን ጄሰን ብለህ ካልነገርከው መልእክቱን ሳያነብ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ይህም ግማሽ ሰዓት ወሰደብኝ።

ፊርማዎቹን በታይሚንግ ሴፍ ኢኳል (ልዩነቱ የትም ቢሆን እኩል ጊዜ በሚወስድ ማወዳደሪያ) ስታወዳድር ርዝመታቸውን አስቀድመህ እይ። እኩል ካልሆኑ ኤረር ይወረውራል፤ ማንም አጭር ፊርማ ልኮ ሰርቨርህን 500 (የውስጥ ስህተት) ያስብለዋል።

ላኪዎቹን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አልመለሱልኝም።