ሪዛሙ ምድጃ

የሳሎናችን የእሳት ምድጃ የተሠራበት ቀይ ጡብ ክፍሉን ያጨልመዋል ተብሎ ነጭ እንዲቀባ በቤተሰብ ጉባኤ ሲወሰን፣ እኔ ድምፀ ተአቅቦ አድርጌ ነበር። የባለቤቴ ወንድም ግን ማንም ሳይጠይቀው ሥራውን ተረከበ። ግድግዳ መቀባት የሚችል ሰው ጡብ አያቅተውም የሚል ጽኑ እምነት አለው፤ እምነቱን ያገኘው ደግሞ ግድግዳ ቀብቶ ሳይሆን ሲቀባ ቆሞ በማየት ነው።

ጡብ ቀለም እንደሚጠጣ ሰምቼ ነበር፤ ይህን ያህል እንደሚጠማው ግን አልጠረጠርሁም። ለለስላሳ ግድግዳ የሚሆነው አጭር ጠጉር ያለው ሮለር የጡቡን ፊት ብቻ እየዳሰሰ ስለሚያልፍ፣ ጎድጓዳውን መጋጠሚያ ሁሉ በትንሽ ብሩሽ እየጠቀጠቁ መሙላት የእኔ ድርሻ ሆነ። ባለሙያችን ሰፊውን ፊት ይቀባል፤ ሮለሩ ደግሞ ከቀለሙ ከፊሉን ወደ መነጽሬ ይረጫል።

ማታ ስንተኛ ምድጃው ነጭ ነበር። ጠዋት ስንነሣ ግን ከአፉ በላይ ግራና ቀኝ የተንዠረገገ ቡናማ ሪዝ አብቅሎ ጠበቀን። ባለሙያችን ቀለሙን በጥራት ጉድለት ከስሶ ደግሞ ቀባው፤ ሪዙም ሌሊቱን ተመልሶ መጣ፤ እንዲያውም በዚህኛው ጊዜ ጫፎቹ ወደ ላይ ተጠምዝዘው ነበር። ሊጠይቁን የመጡት አማቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ፣ የሟች ባለቤታቸው ሪዝ ልክ እንዲህ እንደ ነበረ በእርጋታ ነገሩን። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ባለቤቴ በምድጃው ፊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መናገር ጀመረች።

ምሥጢሩን የገለጠልን በቀለሙ ቆርቆሮ ጀርባ ላይ የተጻፈው ነው። ለዓመታት በጡቡ ላይ የተጋገረው ጥላሸት ቅባትና ሬንጅ መሰል ነገር ስላለበት፣ በውኃ የሚቀጥን ቀለም ሲቀባበት እድፉ ሰርጎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ጡቡ አስቀድሞ ቅባት በሚያስለቅቅ ማጠቢያና በጠንካራ ብሩሽ ተፈትጎ፣ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ እድፍ የሚያፍን ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም፣ ሊቀባ ይገባዋል። ባለሙያችን ይህን ሲሰማ «እኔም ልል የነበረው እሱን ነው» አለ።

የገዛው ፕራይመር ጎማላካ ከሚባል በአልኮል ከሟሟ ሙጫ የተሠራ በመሆኑ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተን እንኳ ሽታው ከቤት አስወጣን። ቶሎ ስለሚደርቅም፣ ባለሙያችን ስልክ ሊያነሣ ሲል ክዳኑ ላይ ያጋደመው ሮለር ከክዳኑ ጋር አንድ አካል ሆኖ ቀረ። በውኃ ቢያጥበው፣ በሙቅ ውኃ ቢዘፈዝፈው፣ ቢቆጣውም ሮለሩ የሚሰማው አልኮልን ብቻ ነበር።

በተረፈው ነጭ ቀለም የምድጃውን ውስጥ ሊቀባ ሲንበረከክ ባለቤቴ ደርሳ ቆርቆሮውን ነጠቀችው፤ እሳት የሚነድበት ክፍል እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚቋቋም ልዩ ቀለም ይፈልጋል፣ ተራው ቀለም ግን ይላጣል፣ ይሸታልም።

አሁን ምድጃው ጥርት ያለ ነጭ ነው። አማቴ በቀደም መጥተው ሲያዩት ዝም አሉ። ቆይተው ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «ማን ነው የላጨው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ባለሙያችን ያለ አንዳች ማመንታት ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።