ሦስት ቦታ አልዘጋ ያለው ቫልቭ

የኒውክሌር ደህንነትን በትርፍ ጊዜዬ ማንበብ ከጀመርኩ አራት ወር ሞላኝ። ባለፈው ስጽፍላችሁ ሲቨርትና ቤክረል የሚባሉት የጨረር መለኪያዎች እየተምታቱብኝ ነበር። አሁን እነሱን ተገላግያለሁ። በዚህ ወር የያዘኝ አንድ ቫልቭ ነው።

ለአዲሶቹ፦ ፋብሪካ ውስጥ የምሠራ የቦይለር ሰው ነኝ። ፊዚክስ ብዙም አይገባኝም፣ ቫልቭ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ስሪ ማይል አይላንድ በተባለ የኒውክሌር ጣቢያ የደረሰውን አደጋ ማንበብ እንደጀመርኩ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 ነው፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 10። ፔንስልቬኒያ ውስጥ ለእንፋሎት ማመንጫው ውሃ የሚልኩት ፓምፖች ቆሙ። ግፊቱ ሲያይል ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፈተ። እስከዚህ ደግ። ግፊቱ ሲወርድ ግን መዘጋት ሲገባው ተከፍቶ ቀረ። ፓኔሉ ላይ ያለው መብራት ደግሞ ጠፋ። ለካ መብራቱ የሚናገረው «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መሄዱን እንጂ ቫልቩ መዘጋቱን አልነበረም። ጌጁ ውሃው ሞልቷል ሲላቸው ኦፕሬተሮቹ በራሱ የተነሳውን የድንገተኛ ጊዜ ውሃ ቀነሱት። በዚያው መስመር ላይ ያለው ሌላኛው፣ ማገጃው ቫልቭ የተዘጋው ከ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ነዳጁ ካለበት ከሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

ልፈርድባቸው አልደፈርኩም። እኛም ጋ አንድ ሌሊት መብራቱ «ዝግ» እያለ እንፋሎቱ ያልፍ ነበር። ያወቅኩት እጄን በጓንት ወደ ቧንቧው አስጠግቼ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። በሴፕቴምበር 1977 ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ ቤሲ በተባለ ጣቢያ፣ ያው ኩባንያ በሠራው ሪአክተር ላይ፣ ያው ዓይነት ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቷል። ሪአክተሩ በ9 በመቶ አቅም ብቻ ይሠራ ስለነበርና ኦፕሬተሮቹ በ20 ደቂቃ ገደማ ስለነቁ ነገሩ በቀላሉ አለፈ። የኩባንያው መሐንዲስ በርት ደን በፌብሩዋሪ 1978 ማስታወሻ ጻፈ፦ ጌጁ ከፍ ስላለ ብቻ ውሃውን እንዳይዘጉት ለኦፕሬተሮች ይነገር። ማስታወሻው ኩባንያው ውስጥ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ዓመት አለፈው። ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ ሂዱ፣ 1974፣ ስዊዘርላንድ፣ ቤዝናው። የሌላ ኩባንያ ሪአክተር ነው፣ ቫልቩ ግን እንዲሁ አድርጎ ነበር። እዚያ ያሉት በደቂቃዎች ውስጥ ነቅተው ዘጉት። የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው። ለሚያስፈልገው ሰው የነገረ ግን የለም።

ከዚህ በኋላ ነው የየአገሩ የኒውክሌር ደህንነት ባለሙያዎች እርስ በርስ የሚያደርጉት ትብብር የገባኝ። በፊት የስብሰባና የሻይ እረፍት ጉዳይ ይመስለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። በ1980 ኦኢሲዲ የሚባለው የበለጸጉ አገሮች ድርጅት የኒውክሌር ኤጀንሲ፣ በ1983 ደግሞ ቪየና ያለው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ፣ አገሮች ብልሽታቸውን የሚነግሩበትን ሥርዓት ዘረጉ። ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ ምን ተስተካከለ ብሎ መጻፍ ነው።

ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጀርባ ስሌቱን የሚሠሩ ድርጅቶችም አሉ። ጀርመን ጂአርኤስ አላት፣ ቤልጂየም ቤል ቪ። የፈረንሳዩ አይአርኤስኤን ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከተቆጣጣሪው ጋር ተዋህዷል። እኔ ብጠየቅ የሚያሰላውና የሚፈርመው ባይቀላቀሉ እመርጥ ነበር፣ ግን ማን ጠይቆኝ። የአውሮፓዎቹ ከ2006 ጀምሮ ኤትሰን በሚባል መረብ ይሠራሉ።

በጣም የወደድኩት እርስ በርስ የሚፈተኑበትን መንገድ ነው። ለሁሉም አንድ ሙከራ ይሰጣቸዋል፣ አንዳንዴም ውጤቱ ተደብቆ። መነሻ ሁኔታው ብቻ ይነገራቸውና እያንዳንዱ በራሱ ኮድ፣ ማለትም በኮምፒውተር የስሌት ፕሮግራሙ፣ አስልቶ ያስገባል። ከዚያ እውነተኛው ውጤት ይገለጣል። በ2011 ጃፓን ውስጥ በደረሰው የፉኩሺማ የሪአክተር አደጋ ግን እውነተኛውን ውጤት መግለጥ አልተቻለም፣ ሪአክተሮቹ ውስጥ ገብቶ ማየት የሚችል ሰው አልነበረምና። ከ2012 ጀምሮ የተለያዩ አገሮች ቡድኖች ያንኑ አደጋ በየኮዳቸው አስልተው ጎን ለጎን አስቀመጡት። ቁጥሮቹ በተራራቁበት ቦታ፣ ገና ያልገባቸው ነገር እዚያ አለ ማለት ነው።

እኔም በአቅሜ ሞከርኩ። ከዚያ ቫልቭ ስንት ውሃ ይወጣል ብዬ በኤክሴል አሰላሁ። የማይሆን ቁጥር መጣብኝ። ሁለት ማታ ካባከንኩ በኋላ ነው የነቃሁት፦ እኔ ያሰላሁት ንጹሕ ውሃ እንደሚወጣ አድርጌ ነው። የሚወጣው ግን ውሃና እንፋሎት የተደባለቀበት ነገር ነው፣ ስሌቱም ሌላ ነው። የሚመጣው ወር ለእሱ ነው። ቀለል ያለ ጽሑፍ ያላችሁ ወዲህ በሉ።

ኢትዮጵያ በሴፕቴምበር 2025 ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር ስለ ኒውክሌር ማመንጫ ከተፈራረመች ወዲህ፣ ይህን እንደማነብ የሚያውቅ ሁሉ «መቼ ይሠራል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ «ስሌቱን ማን ይፈትሻል?» እላለሁ። ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል።

ባለፈው ሳምንት የሺፍት መዝገባችንን ገልጬ ያን ሌሊት የጻፍኩትን ፈለግኩ። «ቫልቩ ተስተካክሏል።» ሁለት ቃል። መብራቱ እንደዋሸ አልጻፍኩም። ሁለተኛው ቦይለር ላይ ያው ቫልቭ አለ። አፍሬ ለሌላው ሺፍት ጋሼ ነገርኳቸው። ሻያቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

«እሱማ እኔ ጋም ክረምት ላይ እንዲሁ አድርጎ ነበር» አሉኝ።