«ማን አባረረዎት?»

ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ጎንደር አራዳ፣ ጃንጥላ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ መታወቂያ ፈትተው ሰጡኝ። በላብ ርሶ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከፎቶው ላይ የቀረው የማኅተሙ ቀለም ብቻ ነው። የመጡት ከጃናሞራ ነው። አዲስ መታወቂያ ሲጠይቁ «ከመጡበት ቀበሌ መሸኛ ያምጡ» ተባሉ። ተፈናቃይ ነኝ ቢሉ «ማን አባረረዎት?»

«ምን ልበለው ልጄ፣ ማንም አላባረረኝ። ዘሩን በላነውና ወጣን።»

እኔም የገበሬ ልጅ ነኝና ብዕሬን አስቀመጥኩ። በ2015 ክረምት ዝናቡ በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ሲቀር ገብሱ ሳያሸት ደረቀ። በመጀመሪያ በጉ ይሸጣል፣ ቀጥሎ በሬው። ዘር የሚበላው መጨረሻ ላይ ነው። ዘሩን የበላ ሰው ደግሞ ዝናቡ ቢመለስ እንኳ የሚዘራው የለውም። ይህ መባረር ካልሆነ ምን ይባላል?

«ማን አባረረዎት» የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱና በመሳሰለው እንዳይሳደድ ለሚፈራ፣ ድንበርም ለተሻገረ ሰው የተጻፈ ነው፤ ድርቅ አያነሳም። ኪሪባቲ ከምትባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ የደሴት አገር የሄደ አንድ ሰው ባሕሩ ደሴቴን እየበላው ነው ብሎ ኒውዚላንድን ጥገኝነት ቢጠይቅ አልተሳካለትም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ባደረገው ውሳኔ ለእሱ አልፈረደለትም፤ ግን ሕይወቱ በአየር ንብረት ለውጥ አደጋ ላይ የሚወድቅን ሰው መመለስ መብት መጣስ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ።

እኚህ እናት ግን ድንበር አልተሻገሩም፤ ለእሳቸው የሚሆን ሕግ እዚሁ አለ። የአፍሪካ ኅብረት ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች ያወጣው የካምፓላ ስምምነት፣ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ያጸደቅነው፣ አንቀጽ 5(4) ላይ የአየር ንብረት ለውጥን በስሙ ጠርቶ፣ በእሱ ምክንያት በአገር ውስጥ የተፈናቀለውን መንግሥት ይጠብቅ ይላል። አንቀጽ 13 ደግሞ ሲፈናቀል ለጠፋበት ወይም ለተበላሸበት ሰነድ «ወደ መጣህበት ተመለስ» ተብሎ እንዳይገደድ ይከለክላል። የተጠየቁት መሸኛ ማለት ይኸው ነው! መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ ይህን ቢያነብ እንዲህ የሚጨክን አይመስለኝም።

ሁለቱንም አንቀጾች ከነቁጥራቸው ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ድርቁ ተጽፏል?»

«ተጽፏል እማማ።»

«እስቲ እሱን ድገምልኝ።»

ደገምኩላቸው። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አደረጉ።