120 ገብቶ 120 የሚወጣው ብረት

የምሠራበት ቤት ትንሽ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ። አሮጌ የጌም ማሽን እንጠግናለን፣ እናከራያለን፣ አንዳንዴም እንሸጣለን። ያ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ሳንቲም እየበላ የሚያጫውት ሣጥን ማለቴ ነው። ባለቤቱን ጨምሮ አራት ነን። ባለቤቱን "ሽማግሌው" እለዋለሁ። እሱ ግን አያውቅም፤ በአማርኛ ነው የምለው።

ሥራውን ያገኘሁት በድሮ ሙያዬ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ መርካቶ ቲቪ እጠግን ነበር። ያንን ከኋላው ሆድ ያለውን ቲቪ። ፍላት ስክሪን ሲመጣ ሙያው ተቀበረ። እዚህ ስመጣም እንደ ብዙዎቻችን ፓርኪንግ ገባሁ። አንድ ቀን አንድ መኪና የኋላ ወንበር ላይ የስክሪን ቱቦ ተጋድሞ አየሁ። ቀጭኑ አንገቱ ወደ በሩ ነው። ባለመኪናውን "አንገቱን ወደ ውስጥ አዙረው፤ በሩ ከነካው አየር ይገባበትና ያልቅለታል" አልኩት። ትኬቱን እንደያዘ ቆሞ አየኝ። "አንተ ይሄን ከየት አወቅከው?" አለኝ። በሳምንቱ ደወለልኝ።

ይሄን የማወራው ጉራ ለመንዛት አይደለም። ቀጥሎ የሠራሁትን ጉድ ስትሰሙ "መጀመሪያውኑ አያውቅበትም" እንዳትሉኝ ነው። አውቅበት ነበር። ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው።

ሐምሌ ላይ አንድ ደንበኛ መጣ። ልጅ እያለ ሰፈራቸው ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ፓክ-ማን ይጫወት ነበር። እናቱ ልብሱ እስኪደርቅ ትጠብቃለች፣ እሱ 25 ሳንቲም እየለመነ ያስቸግራታል። አሁን ጸጉሩ ሸብቷል። ቤዝመንቱ ውስጥ አንድ ሣጥን ማቆም ፈለገ፤ ግን ፓክ-ማን ብቻ ሳይሆን የዚያን ዘመን ጌሞች ሁሉ እንዲገቡለት። እኛ ቤት "ኮንቨርዥን" ይባላል። ውጪው አሮጌ፣ ውስጡ አዲስ። ያን ሰሞን ሱቁ ሞልቶ መተላለፊያ እንኳ አልነበረም። ሽማግሌው "ቤትህ ወስደህ ሥራው፤ ለብቻው እከፍልሃለሁ" አለኝ።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዲት ሐበሻ እናት ጋ ተከራይቼ ነው። እትዬ ነው የምላቸው። ጋራዣቸውን ለአንድ ወር ለመንኳቸው።

"መኪና ልታስገባ ነው?"

"አይ እትዬ፣ ጌም ነው።"

"የልጅ?"

"የትልቅ ሰው።"

"ወይ አሜሪካ!" አሉና ቁልፉን ሰጡኝ።

ሣጥኑ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነው የመጣው። የዚያን ዘመን ባለማሽኖች ጌሙ ገበያ ሲያጣ ሰሌዳውን፣ ማለትም ጌሙ ያለበትን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ አውጥተው ሌላ ይከቱበት ነበር። ጎኑን ጥቁር ይቀቡታል፣ ከላይ አዲስ ስም ይለጥፋሉ፣ አለቀ። አዲስ ሣጥን ከመግዛት በጣም ይረክሳል። እንዲያውም ሚስ ፓክ-ማን የተወለደችው በዚህ መንገድ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ያሉ ጥቂት ወጣቶች በፓክ-ማን ሰሌዳ ላይ የሚሰካ ማሻሻያ ሠሩ። ፓክ-ማንን አሜሪካ ውስጥ ይሸጥ የነበረው ሚድዌይ ወደደውና እ.ኤ.አ. በ1982 ራሱን የቻለ ጌም አድርጎ አወጣው። ስለዚህ ሰብሳቢዎች "አሮጌውን ለምን ነካችሁ" ብለው ሲቆጡ ግማሹ ብቻ ነው የሚዋጥልኝ። ዕቃው የተሟላውን ሣጥን አራግፎ ኮምፒውተር መክተት ነውር ነው፤ እኔም አላደርገውም። ይሄኛው ግን ሰሌዳው ከወጣ ስንት ዘመኑ። ውስጡ ሞኒተር፣ አቧራ፣ የደረቀች በረሮና አንድ 25 ሳንቲም ነበር።

ቀለሙን መፋቅ ብቻውን አንድ ሳምንት ፈጀ። በሙቅ አየር አለሰልሰዋለሁ፣ በፕላስቲክ መፋቂያ እገፋዋለሁ። ጥቁሩ እንደ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ ሲነሳ ከሥሩ ቢጫ ብቅ አለ። በማግስቱ ክብ ፊት ወጣ። ከዚያ እግር። የእትዬ የልጅ ልጅ አሥር ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ተዘግቷል፣ ሥራ የለውም። በየጠዋቱ እየመጣ "ዛሬ ምኑ ወጣ?" ይለኛል። የታችኛው ችፑድ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነበር፤ ቆርጬ ሌላ ተካሁበት። እሱን ብዙም አላወራውም፤ የአናጢ ሥራ ነው፣ አናጢ ቢያየው ይስቅብኛል።

ሞኒተሩ ኤሌክትሮሆም ጂ07 ይባላል። 19 ኢንች፣ በጎኑ ተጋድሞ የተገጠመ፤ ፓክ-ማን በቁሙ የሚረዝም ጌም ነውና። ጠፍቶ እያለ እንኳ የጌሙ መንገዶች መስታወቱ ላይ ይታያሉ። ለዓመታት ያው ምስል ሲበራበት ኖሮ ውስጡ ታትሞ ቀርቷል። የአያቴን የአንገት ንቅሳት አስታወሰኝ፤ ደብዝዟል፣ ግን አይለቅም።

እንዲህ ዓይነት ቱቦ ከሶኬት ተነቅሎም ሺህ ቮልቶችን ይዞ ሊቆይ ይችላል። መርካቶ ያስተማረኝ ጋሼ "ግራ እጅህን ኪስህ ክተት" ይል ነበር። ኮረንቲ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ከወጣ መንገዱ በልብ በኩል ነው። እንደ ትእዛዙ ግራ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ካቻቢቴ ላይ ሽቦ ጠምጥሜ፣ የሽቦውን ጫፍ ቱቦውን ካቀፈው የግራውንድ ሽቦ ጋር አያይዤ፣ የተጠራቀመው እንዲወጣ ቱቦው ላይ ካለው የጎማ ቆብ ሥር ሰደድኩት። ጧ! አለ። ልጁ ዘሎ በሩ ጋ ደረሰ። እኔ ኮራሁ። የደረቁትን ኮንደንሰሮች ቀየርኩ፣ የተሰነጠቀ ብየዳ ደገምኩ። እጄ ምንም አልረሳም።

ከሣጥኑ ወለል ላይ አንድ ትራንስፎርመር ተቦልቷል። ክብደቱ አራት ኪሎ ገደማ። አራት ሽቦ አለው፤ ሁለት ገቢ፣ ሁለት ወጪ። ቴስተር አስገባሁ። ገቢው 120። ወጪው 120።

እንግዲህ ለእኛ ትራንስፎርመር ማለት ምንድን ነው? ዘመድ ከአሜሪካ ጁስ መፍጫ ይልካል። አገር ቤት መብራቱ 220 ነው። መሃል ላይ ትራንስፎርመር ይገባል፤ 220 ገብቶ 110 ይወጣል። ያለ እሱ ተሰክቶ የጨሰ ስንት ዕቃ እጄ ላይ መጥቷል! 120 ገብቶ 120 የሚወጣ ግን ምን ይሠራል? "ፈረንጅ ብረት ሲተርፈው" አልኩ። ሣጥኑ ደግሞ ቤዝመንት ሊወርድ ነው፤ ክብደት ልቀንስ ብዬ ፈታሁት። ደጅ፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ አስቀመጥኩት። የሞኒተሩን ገመድ በቀጥታ ከሶኬቱ መስመር ጋር አገናኘሁ።

ለጌሙ ራስቤሪ ፓይ ገዝቻለሁ። የኤቲኤም ካርድ የምታክል ኮምፒውተር ናት። እሷ ላይ የምትጫን ሌላ ቁራጭ ሰሌዳ አለች፤ ምስሉን አሮጌው ሞኒተር ወደሚገባው 15 ኪሎኸርዝ የምታወርድ። ጆይስቲኩን ገጠምኩ፣ ቁልፎቹን ገጠምኩ። እሑድ ማታ ሁሉም አለቀ። ልጁ "እኔ ላብራው" አለ። አብራው አልኩት።

የቅድሙ ጧ ምንም አልነበረም። ይሄኛው ድም! ነው ያለው። ጋራዡ ጨለመ። ከላይ የእትዬ ሬድዮ ጸጥ አለ። ከዚያ የእሳቸው ድምፅ መጣ።

"አንተ! ቤቴን ልታነደው ነው እንዴ?"

"ምንም አይደል እትዬ፣ ፊውዝ ነው።"

"ፊውዝ እንዲህ ይጮኻል?"

አይጮኽም። በስልኬ መብራት አየሁት። የፊውዙ መስታወት ከውስጥ ጠቁሮ መስታወት አይመስልም። የሞኒተሩ ሁለት ዳዮዶች፣ ኮረንቲን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ትናንሽ ዕቃዎች፣ አልቀዋል። ከራስቤሪ ፓይዋ ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ተነስቶ በርሯል፤ የነበረበት ቦታ ላይ ቡናማ ጭረት ብቻ ቀርቷል። ያቺን ሽታ መርካቶ የሠራ ሁሉ ያውቃታል።

ሽማግሌው ጋ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ሲሰማ ቆየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ከሥር ያለውን ትራንስፎርመር ነክተኸዋል?"

ዝም አልኩ።

"ነክተኸዋል" አለ።

ነገሩ ይሄ ነው። ጂ07 ኮረንቲውን ከገመዱ በቀጥታ ወደ ዳዮዶቹ ነው የሚያስገባው። ስለዚህ የሞኒተሩ ግራውንድ ስሙ ብቻ ነው ግራውንድ፤ ከፌዙ፣ ማለትም ኮረንቲ ከተሸከመው ሽቦ፣ የሚለየው አንድ ዳዮድ ነው። እኔ ደግሞ የኮምፒውተሯን ግራውንድ ከሣጥኑ ብረት ጋር፣ የሣጥኑን ብረት ከሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ፣ ከመሬቱ፣ ጋር አስሬያለሁ። የምስሉን ገመድ ስሰካ ሁለቱን ግራውንዶች አጋባኋቸው። ፌዙ በዳዮዱ ገባ፣ በምስሉ ገመድ አለፈ፣ በራስቤሪ ፓይዋ ሆድ ተሻግሮ መሬት ወረደ። የእትዬ ቤት የድሮ ነው፤ ሶኬቱ ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያመልጥ ቶሎ የሚዘጋው ዓይነት አይደለም።

ትራንስፎርመሩ እዚያ የተቀመጠው ቮልት ሊቀንስ አልነበረም። ሊለይ ነው። የገቢውና የወጪው ጥቅልል በሽቦ አይነካኩም፤ ኃይሉ የሚሻገረው በብረቱ ማግኔት ነው። ከወዲያ የሚወጣው 120 ከመሬት ጋር ዝምድና የለውም። ቁጥሩ ያው ሆኖ ነገሩ ሌላ ነው። ቴስተሬ ደግሞ ቁጥሩን እንጂ ዝምድናውን አልነገረኝም።

ያሳፈረኝ ሻሲው፣ ማለትም ዕቃው ሁሉ የታሰረበት ብረት፣ ኮረንቲ ያለበት እሳት መሆኑን አለማወቄ አይደለም። ያንንማ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ የቲቪ ሻሲ ነክቼ ከበርጩማ ላይ የተወረወርኩት ስንት ጊዜ ነው። ግን ቲቪ ብቻውን የሚኖር ዕቃ ነው። በፕላስቲክ ተዘግቶ ይቀመጣል። ያኔ የምጠግናቸው ከውጪ የሚገባባቸው የአንቴና ገመድ ብቻ ነበር፣ እሱም በኮንደንሰር ተለይቶ። የጌም ሞኒተር ራቁቱን ነው፤ ምስሉን ከሌላ ሰሌዳ በሽቦ ይቀበላል። ያው ቱቦ፣ ለቱቦው ከፍተኛውን ቮልት የሚሠራው ያው ፍላይባክ፣ ያው የሞቀ አቧራ ሽታ። ያው ነገር መሰለኝ።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ይበልጥ ያንገበግበኛል። መርካቶ የተጠገነ ቲቪ ሶኬት ላይ ዝም ብሎ አይሰካም። በሶኬቱና በቲቪው መሃል 100 ዋት አምፖል ይገባል። ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፤ የሚቃጠል ዕቃ የለም። ለዓመታት አንድም ቀን ዘልዬው አላውቅም። እዚህ ግን ፊውዝ በፓኬት ይገዛል፣ ብሬከር አለ፣ ምን አስጨነቀኝ አልኩ።

"ብረቱ አለ?" አለኝ ሽማግሌው። "አለ" አልኩት። ወጥቼ ሳየው የለም።

ሰኞ ጠዋት የቆሻሻ መኪና እንደሚመጣ ትዝ አለኝና በቆሻሻው ውስጥ እስከ ክርኔ ገባሁ። የለም። ቤቱን ዞርኩት። ጓሮ እትዬ በርበሬ አስጥተዋል። በትልቅ ሸራ ላይ፣ ቀይ በቀይ። የሸራው አንዱ ጠርዝ ላይ ሸክላ፣ አንዱ ላይ የአበባ ማሰሮ፣ አንዱ ላይ አሮጌ ድስት። አራተኛው ጠርዝ ላይ የእኔ ትራንስፎርመር።

"እትዬ፣ ይቺን ብረት ልውሰዳት?"

"በርበሬዬ ሳይደርቅ? ንፋስ ቢነሳ የት ልሰበስበው ነው?"

"ሌላ ነገር አመጣለሁ።"

"መጀመሪያ አምጣ።"

ድንጋይ ፍለጋ ወጣሁ። እስቲ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ድንጋይ ፈልጉ! ሣር፣ አስፋልት፣ ሣር። ያለውም ድንጋይ የሰው ነው፤ በአበባው ዙሪያ ተደርድሮ። በማግስቱ የግንባታ ዕቃ መደብር ሄጄ ድንጋይ በገንዘብ ገዛሁ። ደረሰኝም ሰጡኝ። አገር ቤት ላለችው እናቴ አልነገርኳትም።

ሽማግሌው የተቃጠለውን ግማሹን ከፈለልኝ። "ላዩ ላይ አለመጻፌ የኔ ጥፋት ነው" አለ። ከመሳቢያው ውስጥም አንድ የ100 ዋት ክር አምፖል አውጥቶ ሰጠኝ፤ እንዲህ ያለው አሁን ሱቅ ላይ እንደ ልብ አይገኝም። ዳዮዶቹን ቀየርኩ። ትራንስፎርመሩን ወደ ቦታው ቦለትኩ፤ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። አዲስ ራስቤሪ ፓይ ገዛሁ። አምፖሉን መሃል አስገባሁ። ልጁ አሁንስ አላበራም አለ፤ በሩ ጋ ቆሞ ያያል።

አምፖሉ ለአፍታ ቦግ አለ። ልቤ ቆመ። ከዚያ ደከም ብሎ ቀላ። ቦግ ያለው ስክሪኑን ከማግኔት የሚያጸዳው ጥቅልል ነበር፤ እሱ ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ ይስባል። አምፖሉን አውጥቼ ሣጥኑን በቀጥታ ሰካሁት። ቱቦው ጭስስ አለ፣ የክንዴ ጸጉር ቆመ። ምስሉ መጣ። በጎኑ ተጋድሞ። ኮምፒውተሯ ላይ ምስሉን ማዞር ረስቻለሁ።

"ተኝቷል እኮ" አለ ልጁ።

አሁን ሱቃችን ውስጥ ያለ ትራንስፎርመር ሁሉ ቢጫ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ሽማግሌው በእንግሊዝኛ ጻፈበት። ከሥሩ እኔ በአማርኛ "አትንካው" ብዬ ጨመርኩ። ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም።

ደንበኛው ሣጥኑን የወሰደ ቀን እትዬ ደጅ ቆመው ሲጫን አዩ። መኪናው ሲሄድ ወደ እኔ ዞሩ።

"ያቺ ብረትህ አብራ ሄደች?"

"አዎ እትዬ።"

"እሷ ትሻል ነበር። ይሄ የገዛኸው ድንጋይ ቀላል ነው።"