የትንሽ ባላባት ልጅ

ዛሬ ጠዋት ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ሙዚየም ገባሁ። የምጽፈው ልብ ወለድ አላላውስ ብሎኝ ነበር። ዘንዶና አስማት ያለበት የድሮ ዓለም ነው። ባለታሪኳ የአንድ ትንሽ ባላባት ልጅ ናት። ንግሥት አይደለችም፣ ገረድም አይደለችም። ታዲያ ቀኗን በምን ትሙላው? እስካሁን ግንብ ላይ አቁሜ ባል አስጠብቃት ነበር። አሳዘነችኝ።

እዚያ ዕቃው የተደረደረው በሰው ዕድሜ ነው፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። እያየሁ አያቴ ትዝ አለችኝ። እንዝርቷ ከእጇ አይለይም ነበር። በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። የባላባት ልጅም ብትሆን ከፈትል አታመልጥም።

ደግሞ ርስት አለ! በጎንደርና በጎጃም ሴት ልጅም በአባቷም በእናቷም በኩል መሬት ትወርስ ነበር። ይሄንን እንዴት ረሳሁት? ምንትዋብ እኮ ከቋራ ተነስታ በ1723 ዓ.ም. ዘውድ ጭናለች።

አራት ኪሎ ወርጄ ማኪያቶ አዘዝኩ። ግንቡን ሙሉ በሙሉ ሰረዝኩት። ልጅቷ አሁን ዳኛ ፊት ቆማ የእናቷን መሬት ትሟገታለች። ዘንዶው ከእርሻው ማዶ ተኝቷል። ማኪያቶው ሳልነካው ቀዘቀዘ።