ፍሪጅ ይዞ ኬላ የሚያልፍ ሰው

ዩሱፍ የጋብቻ በዓላቸውን ምክንያት አድርጎ ለሚስቱ ፍሪጅ ሊገዛላት ይወጣል። ትንሿ ልጁ ያስሚን አብራው ትሄዳለች። የፊልሙ ታሪክ ይኸው ነው። ፋራህ ናቡልሲ በ2020 የሠራችው «ስጦታው» የተባለው ይህ አጭር ፊልም ግማሽ ሰዓት እንኳን አይሞላም፤ እኔ ግን ካየሁት ወዲህ የፍልስጤም ፊልሞችን እየፈለግሁ ማታ ማታ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሱቁ ሩቅ አይደለም፤ በመካከል ግን የእስራኤል ጦር ኬላ አለ። ሲሄዱ ወታደሮቹ አባትየውን ከሰልፉ ለይተው በብረት አጥር ውስጥ ያቆዩታል። ልጅቷ ውጪ ቆማ ትጠብቃለች፤ ጥበቃው ይረዝማል፤ በመጨረሻ ሽንቷ ያመልጣታል። አባት የልጁን እርጥብ ልብስ ያየበት ቅጽበት ላይ ፊልሙን አቁሜ ውኃ ልጠጣ ተነሣሁ። ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጠብቃቸዋል፤ ፍሪጁ በእግረኛው ጠባብ መተላለፊያ አልገባ ይላል። ሰፊው የመኪና መንገድ እዚያው አጠገባቸው ነው፤ እነሱ ግን በዚያ ማለፍ አይፈቀድላቸውም። ያስሚን በመጨረሻ የምታደርገውን አልናገርም፤ ራሳችሁ እዩት።

የፊልሙ መክፈቻ ላይ ጎሕ ሳይቀድ ተጨናንቀው የሚታዩት ወንዶች ተዋንያን አይደሉም። ቤተልሔም ባለው ኬላ በኩል ወደ ሥራ ለመሻገር የሚጋፉ እውነተኛ ሠራተኞች ናቸው። እኔ ቤተልሔምን የማውቃት በገና መዝሙር ነበር፤ ከተማዋ የቀን ሠራተኛ የሚያድርባት፣ የሚሰለፍባትና የሚናደድባት ቦታ መሆኗ በአእምሮዬ ቦታ አልነበረውም።

እስራኤል ውስጥ ያለችው የፍልስጤማውያን ከተማ ናዝሬትም እንደዚያው ናት። ከፍልስጤም ዳይሬክተሮች ዓለም ስማቸውን የሚያውቀው ሦስቱ፣ ሚሼል ክሌይፊ፣ ኤሊያ ሱሌይማንና ሃኒ አቡ አሳድ፣ የናዝሬት ልጆች ናቸው። ከእነርሱ መካከል አቡ አሳድ በ2005 የሠራው፣ ለአጥፍቶ መጥፋት ስለተመለመሉ ሁለት ጓደኛሞች የሚያወራው ፊልም ከሁሉም የበለጠ ተወርቶለታል፤ ለኦስካርም ታጭቷል። ጥሩ ፊልም ነው፤ ልብ ያንጠለጥላል። ነገር ግን ቦምብ የታጠቀ ሰው ባለበት ታሪክ ውስጥ ተመልካች ሌላ ነገር አያይም፤ ዓይኑ ቦምቡ ላይ ነው። እኔን የሚይዙኝ ሰው ተራ ጉዳዩን ለመፈጸም ደፋ ቀና የሚልባቸው ናቸው።

ለምሳሌ የአነማሪ ጃሲር «ዋጂብ»። በ2017 የወጣ ነው። የናዝሬት ሰው ልጁን ሲድር የሰርጉን መጥሪያ በፖስታ አይልክም፤ አባትና ወንድም ቤት ለቤት እየዞሩ በእጅ ያደርሳሉ። የገና ሰሞን ነው። ከጣሊያን የመጣው ልጅና እዚያው ኖሮ ያረጀው መምህር አባቱ ቀኑን ሙሉ በመኪና ይዞራሉ፤ በገቡበት ቤት ሁሉ ቡና ወይም ጣፋጭ ይቀርብላቸዋል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። በየመካከሉ ይጨቃጨቃሉ። ልጁ ከተማው ቆሸሸ ይላል፤ አባት ይከፋዋል። ከሁሉ የከፋው ጠብ የሚነሣው ግን አባት አንድ እስራኤላዊ ባለሥልጣንን መጥራት አለብኝ ሲል ነው። ልጁ ሰውየው ሰላይ ነው ባይ ነው፤ አባት ደግሞ የሥራ እድገቱ በዚያ ሰው እጅ ነው። አባትና ልጅ ሆነው የሚጫወቱት ሞሐመድ ባክሪና ሳሌህ ባክሪ በእውነትም አባትና ልጅ ናቸው። ፍሪጁን የሚገዛው ዩሱፍም ይኸው ሳሌህ ነው። በዚህ ፊልም ጥይት አይተኮስም፤ ያም ሆኖ ስደት፣ ፍርሃት፣ መታዘዝና እልህ ሁሉ እዚያች መኪና ውስጥ ተጨምቀው አሉ። ሰርግ ደግሶ መጥሪያ የቀረበትን ዘመድ ኩርፊያ የቀመሰ አበሻ ይህን ፊልም ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ሱሌይማን ደግሞ በጉዳዩ ይስቅበታል። በ2002 በካን የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ሽልማት ባገኘበት ፊልም መክፈቻ ላይ የገና አባት ደረቱ ላይ ቢላዋ ተሰክቶበት በናዝሬት ኮረብታ ላይ ከልጆች ሲሸሽ ይታያል። እርሱ ራሱ ይተውናል፤ ቃል ግን አይወጣውም። ፍቅረኛው ከራማላ ኬላውን ማለፍ ስለማትችል የሚገናኙት ኬላው አጠገብ ባለ ባዶ ቦታ ላይ መኪና አቁመው ነው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወታደሮቹን እያዩ ይቀመጣሉ። አንዴ ደግሞ የበላውን ፍራፍሬ ዘር በመኪናው መስኮት ሲወረውር ታንክ ይፈነዳል። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ሁሉም ግን በዚህ ዓይነት ርቀት የመሥራት ዕድል አላገኙም። ኢማድ ቡርናት ቢልኢን በምትባል የዌስት ባንክ መንደር የሚኖር ገበሬ ነው። በ2005 አራተኛ ልጁ ጅብሪል ሲወለድ ካሜራ ገዛ፤ ማንኛውም አባት እንደሚያደርገው ልጁን ሊቀርጽ። በዚያው ዓመት እስራኤል የምትሠራው፣ የመንደሩን መሬት ቆርጦ የሚያልፈው የመለያ አጥር ግንባታ ላይ ነበር፤ ሕዝቡ አርብ አርብ ለተቃውሞ ይወጣል፤ ካሜራውም አብሮ ወጣ። አንዱ ካሜራ ሲሰበር ሌላ ይተካል፤ እንዲህ እያለ አምስት ደረሰ። ፊልሙም «አምስት የተሰበሩ ካሜራዎች» የሚለውን ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ከካሜራዎቹ አንዱ ለእርሱ የመጣውን ጥይት ተቀብሎ አትርፎታል። ጅብሪል አፉን የፈታው እንደ ቀለህ ባሉ ቃላት ነው። ልጆች የሚወዱት፣ ሁልጊዜ የሚስቀው የመንደሩ ሰው በ2009 ደረቱን በአስለቃሽ ጋዝ ቀለህ ተመትቶ ይሞታል፤ ፊልሙም ያንን ያሳያል። ይህን ፊልም ቡርናት ጋይ ዳቪዲ ከተባለ እስራኤላዊ ጋር አብሮ ነው ያዘጋጀው።

ካሜራ መያዝ እዚያ እንደ ዋዛ አይታይም። በ1968 የመጀመሪያውን የፍልስጤም ፊልም ክፍል ከመሠረቱት ከነሙስጠፋ አቡ አሊ ጓደኞች አንዱ የሆነው ሃኒ ጀውሃሪያ በ1976 ሊባኖስ ውስጥ ውጊያ ሲቀርጽ ተገደለ። እነርሱ ያከማቹት የፊልም ቤተ መዛግብት ደግሞ በ1982 እስራኤል ቤይሩትን በወረረች ጊዜ ጠፋ። ጨርሶ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከየአገሩ የተገኙ ቅጂዎች እየተለቀሙ ነው። አንድ ሕዝብ የገዛ ምስሉን ከባዕድ መጋዘን ሲለቅም ማሰብ ያስቆጣኛል። በ2025 ሚያዝያ ደግሞ የጋዛዋ ፎቶግራፍ አንሺ ፋጢማ ሐሱና ስለ እርሷ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም በካን እንደሚታይ በተገለጸ ማግስት ከቤተሰቦቿ ጋር በአየር ድብደባ ተገደለች።

ስለነዚህ ፊልሞች በብዛት የማወራት አብሮ አደጌን ነው። ጎንደር ጎረቤታሞች ነበርን፤ ቤተሰቦቿ ቤተ እስራኤል ስለሆኑ በልጅነቷ ወደ እስራኤል ሄደች፤ አሁን ናታንያ ትኖራለች። መጀመሪያ ላይ ተቆጥታኝ ነበር። «አንቺ የምታዪው አንዱን ወገን ነው፤ ሳይረን ሲጮህ ልጆቼን አቅፌ መጠለያ ስሮጥ የሚቀርጸኝ የለም» አለችኝ። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 በሐማስ ጥቃት የተገደለውን የጎረቤቷን ልጅ ቀብረዋል። አልተከራከርኳትም፤ «ዋጂብ»ን ብቻ ላክሁላት። በማግስቱ ደወለችና፣ «አባትየው ቁርጥ አባቴን ነው፤ እኔንስ ወንድሜንስ እንዴት አድርጎ ሲጨቀጭቀን!» ብላ ሳቀች። «ሌላ ካለሽ ላኪልኝ።»

የላክሁላት በ2025 የኦስካር ሽልማት ያገኘውን «ሌላ ምድር የለም» ነው። ከኬብሮን በስተደቡብ ያሉት የመሳፈር ያታ መንደሮች ለጦር ልምምድ ስለተከለሉ ቤት በቤት ላይ ሲፈርስ የሚያሳይ ነው፤ ሁለት ፍልስጤማውያንና ሁለት እስራኤላውያን አብረው ሠርተውታል። የቀድሞው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ በመንደር ውስጥ ስላለፉ ብቻ ያለፉበት ትምህርት ቤት ከመፍረስ ተርፎ ነበር፤ በኋላ ግን ትምህርት ቤት ሲፈርስም እናያለን። የውኃ ጉድጓድ በሲሚንቶ ይደፈናል። በስተመጨረሻ ከሠሪዎቹ እስራኤላዊው ዩቫል ቢጫ የእስራኤል ታርጋ ባላት መኪናው ወደ ቤቱ ይነዳል፤ ፍልስጤማዊው ባሴል ግን ካለበት አካባቢ መውጣት አይችልም፤ ጓደኝነታቸውን የሚያከብደው ይኸው ነው። ከሠሪዎቹ አንዱ ሀምዳን ባላል ሽልማቱን በተቀበለ በሳምንታት ውስጥ በእስራኤላውያን ሰፋሪዎች ተደብድቦ በወታደሮች ታሰረ።

ጓደኛዬ ብዙ ቀን ዝም አለች። ከዚያ ደወለች። «ወንድሜ ወታደርነቱን የጨረሰው እዚያው ኬብሮን አካባቢ ነው» አለችኝ። «ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም። ፊልሙ ላይ ወታደር በቀረበ ቁጥር ፊቱን እየፈለግሁ ነበር። አሁን ምን ብዬ ልጠይቀው?»

«ፊልሙን አብራችሁ እዩት» አልኳት።

«እሺ» አለች፤ ግን ቅዳሜ ከሰንበት ምሳ በኋላ ይሁን፣ ከልጆቹ ፊት አይሆንም አለችኝ።