የዳይቪንግ አስተማሪ ወረቀት መቼ ነው የሚያልፍበት?

ዓረብ ኤምሬትስ፣ ፉጃይራ ውስጥ አንድ የዳይቪንግ (የባሕር ጠለቃ) ማዕከል ቢሮ ነው የምሠራው። እኔ ራሴ ባሕር ውስጥ የምገባው እስከ ጉልበቴ ነው፤ እሱም ሙቀቱ ሲብስብኝ። እናቴ ግን በደወለች ቁጥር «ዛሬም ገባሽ እንዴ?» ትላለች። አልገባሁም እማዬ። የእኔ ሥራ ደረቅ መሬት ላይ ነው፤ ቦታ ማስያዝ፣ ደረሰኝ፣ የተማሪዎች ፎርም። ከሁሉ የሚያደክመኝ ግን የአስተማሪዎቻችን ወረቀት መቼ እንደሚያልፍበት መከታተሉ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ካርዱ ኤክስፓየር አያደርግም። ዛሬ ኦፕን ዋተር የሚባለውን የመጀመሪያውን ኮርስ የጨረሰ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ካርዱን ይዞ ቢመጣ ያው ጠላቂ ነው። እርግጥ እንደመጣ ጀልባ ላይ አንጭነውም። መጀመሪያ ገንዳ ውስጥ መነጽሩ ውሃ ሲገባበት ምን እንደሚያደርግ እናያለን። ካርዱን ግን አሳድስ አንለውም።

ዳይቭማስተር (ጠላቂዎችን የሚመራ) ወይም ኢንስትራክተር (የሚያስተምር) ሲኮን ነገሩ ይለወጣል። የተማርከው ትምህርት አይሰረዝም፤ በእሱ ለመሥራት ግን ካርዱን በሰጠህ ድርጅት ያለህ አባልነት በየዓመቱ መታደስ አለበት። እኛ ጋ አብዛኞቹ ፓዲ የሚባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት አባላት ናቸው። የፓዲ ዓመት ዲሴምበር 31 ላይ ያልቃል፤ በእኛ ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 22፣ ገና ሳምንት ሲቀረው። ፈተናህን ማርች ላይም እለፍ ኦገስት ላይ፣ የሁሉም ዓመት እዚያው ቀን ላይ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ ሌላው ሰው ለበዓል ዶሮ ሲያስብ እኔ አስተማሪ ለክፍያ ሳሳድድ ነው የምውለው። «ከፈልክ?» «ነገ።» «ከፈልክ?» «ባንክ ሄጄ ነበር።»

ክፍያው በራሱ ጊዜ ከባንክ ካርድ እንዲቆረጥ ማድረግ ይቻላል። አብዛኞቹም እንደዚያ ነው ያደረጉት። ችግሩ የባንክ ካርዱም የሚያልፍበት ቀን አለው! አንድ ዓመት አንዱ አስተማሪያችን ባንኩ አዲስ ካርድ ሰጥቶት ነበር። በአሮጌው ካርድ ሊቆረጥ የነበረው ክፍያ ሳይቆረጥ ቀረ። ማሳሰቢያው ኢሜይል መጥቶለታል፤ ማን ያነባል? የአዲሱ ዓመት ሰሞን ደግሞ ማዕከሉ ሰው በሰው ነው። ልጁ አንድ ቤተሰብ፣ አባት ከሁለት ልጆቹ ጋር፣ አስተምሮ ጨረሰ። ካርዳቸውን ሊያወጣላቸው ሲገባ ሲስተሙ እምቢ አለው። ሰዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው እኔ ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል፤ ማታ በረራ አላቸው።

«ሌላው አስተማሪ ይፈርምልና» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። አይሆንም። ያላስተማረ፣ ያላያቸው ሰው እንዴት ብሎ ነው ብቁ ናቸው ብሎ የሚፈርመው? አባትየው ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ኋላ በኢሜይል ይላክልን ብለው ሄዱ። እኔን የከነከነኝ ካርዱ አይደለም። ልጁ አባልነቱ ሳይታደስ ሰው ይዞ ውሃ ውስጥ ገብቷል። የአስተማሪ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው አባልነትህ በሥራ ላይ መሆኑን ነው። ከሦስቱ በአንዱ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ኖሮ ማን ነበር የሚከፍለው?

ይህን የዓመት ክፍያ የሚያማርሩ አሉ። «ሃያ ዓመት አስተምሬ ምን አዲስ ነገር ሊነግሩኝ ነው?» ይላሉ። እውነቴን ነው፣ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። ገንዘብ መሰብሰቢያም ነው። ግን ዝም ብለህ ብዙ ዓመት ከቆየህ በኋላ ልመለስ ብትል መክፈል ብቻውን አይበቃም፤ እንደ ቆየህበት ጊዜ ትምህርቱን ከልሰህ ነው የምትገባው። ስለዚህ አንድ ዓመት አላስተምርም ያለ ሰውም ቢሆን አስልቶ ይቅር።

የአስተማሪዎቹ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና እድሳት ላይ ግን ከማንም ጋር አልደራደርም። የእሱ ሰዓት 24 ወር ነው። ባለፈው ዙር ማዕከላችን ውስጥ ሲታደስ እኔንም አብረሽ ውሰጂ አሉኝ። ደረት መግፋት የሚለማመዱበት አሻንጉሊት ምንጣፍ ላይ ተዘርግቷል። ደረቱ በበቂ ጥልቀት ሲገፋ «ቀጭ» ይላል፤ ካልተገፋ ዝም። አንድ ግብፃዊ አስተማሪ አለን፣ ክንዱ የእኔን ጭን ያክላል። እየሳቀ ተንበረከከና ጀመረ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ድምፁ ጠፋ። እጁ ይሠራል፣ ላቡ ይንጠባጠባል፣ አሻንጉሊቱ ግን ዝም። ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር መውረድ አለበት፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። እሱ ፍጥነቱን ይዞ ጥልቀቱን ረስቶታል። ሲነሳ አይስቅም ነበር። እኔም ከእሱ የተሻልኩ አልነበርኩም፤ ግን እኔ ደረሰኝ ቆራጭ ነኝ።

በዚያ ላይ መመሪያው ራሱ ይለዋወጣል። በፈረንጆቹ 2010 ላይ ደረት መግፋት ትንፋሽ ከመስጠት ይቅደም ተባለ። ውሃ ላፈነው ሰው ግን ትንፋሹ መቅደም አለበት፤ ያጣው አየር ነውና። የዳይቪንግ አስተማሪ ደግሞ የሚገጥመው ይኸኛው ነው። ድሮ የተማረ፣ ከዚያ ወዲህ ያላደሰ ሰው የትኛው ቅደም ተከተል ጭንቅላቱ ውስጥ እንዳለ በምን አውቃለሁ?

የኦክስጅን አሰጣጥ ሥልጠናም አለ፤ ዳን በሚባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት በኩል የወሰዱት ከሆነ በየሁለት ዓመቱ ነው። ኢንሹራንሱ የራሱ ቀን አለው። ይህን ሁሉ ኤክሴል ላይ አስገብቼ ሁለት ወር የቀረውን ቢጫ፣ አንድ ወር የቀረውን ቀይ አደርገዋለሁ። ቀይ የሆነ ሰው ስሙ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ይናደዳሉ፤ ግን ያሳድሳሉ።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ የደሴ ልጅ ነው። እኛው ጋ ሲሊንደር ይሞላል፣ ጀልባ ላይ ዕቃ ያነሳል። ኦፕን ዋተሩን ጨርሷል፣ ቀጣዩን ኮርስ አድቫንስዱንም። ባለፈው ሻይ ይዞልኝ መጣና «እህቴ፣ ዳይቭማስተር ልሁን ብል ከየት ልጀምር?» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓሣ ነው ይሉኛል። ሁሉን በአንዴ ሊጀምር ነበር። ሜዲካሉን እንዲያውም «አለኝ» አለ። ሳየው የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ምርመራ ነው፤ ደምና የደረት ራጅ። ወንድሜ፣ ይሄ ለመጥለቅ አይደለም። የሚፈለገው ሐኪም የፈረመበት የጠላቂ ፎርም ነው፤ ጆሮ፣ ሳንባ፣ ልብ፣ ሁሉም ታይቶ። እሱም ከ12 ወር በላይ የቆየ መሆን የለበትም።

እንግዲህ ተቀምጠን አሰላነው። ዳይቭማስተር ለመጀመር 18 ዓመት የሞላውና 40 ጊዜ የጠለቀ መሆን አለበት፤ ለመጨረስ 60። ከዚያ በፊት ግን ሪስኪው የሚባለውን፣ ችግር የገጠመውን ጠላቂ የማዳን ኮርስ መውሰድ አለበት፤ ለሪስኪው ደግሞ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ያስፈልጋል። የ24 ወሩ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው እዚያ ነው። ብዙ ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ጋ ነው። ሪስኪውን ይወስዳሉ፣ ከዚያ ብር ላጠራቅም ብለው ሁለት ዓመት ይቆያሉ። ዳይቭማስተር ሊጀምሩ ሲመጡ የመጀመሪያ ዕርዳታው ተቃጥሏል፤ እንደገና ክፍያ። ስለዚህ ብሩን መጀመሪያ አጠራቅም፣ ከዚያ ሁለቱን አከታትለህ ውሰድ አልኩት። ሜዲካሉን ደግሞ 40 ለመሙላት ጥቂት ሲቀርህ አድርገው፤ አሁን ብታደርገው ሳትጠቀምበት ያልፍብሃል።

ኢንስትራክተርነትም ያምረዋል። ለዚያ የመጀመሪያውን የጠላቂነት ካርድ ካገኘ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው መሆን አለበት፤ ፈተናው ላይ ሲደርስ 100 ጊዜ የጠለቀ። ሥልጠናውን ጨርሶ ደግሞ ፈተናውን እስከ 12 ወር ድረስ ካልተቀመጠ እንደገና ማስላት ነው። ወቅቱንም ማየት ነው። እኛ ጋ ከኦክቶበር ጀምሮ ሙቀቱ እስኪመለስ ድረስ ሥራ ይበዛል፣ አስተማሪዎቹ ለሠራተኛ ልጅ ጊዜ የላቸውም። ሙቀቱ ሲነድ ማዕከሉ ቀዝቀዝ ይላል፤ ያኔ አንድ ለአንድ ያስተምሩታል። ኢቃማው የሚታደስበትን ወርም አስቆጠርኩት፤ ወረቀቱ ቢሮ ገብቶ ባለበት ሰሞን ኮርስ ውስጥ መሆን ራስ ምታት ነው።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ፈተና መቀመጥ ለፈለገ ደግሞ፣ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት «የምከፍለው አባልነት እስከ መቼ ነው የሚያገለግለኝ?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ። ኖቬምበር ላይ ከፍሎ ጃንዋሪ ላይ እንደገና መክፈል የሚፈልግ የለም። ደንበኛ ሆናችሁ የምትመጡም የአስተማሪያችሁን ቁጥር ጠይቁ፤ ፓዲ ድረ ገጹ ላይ የአባሉን ሁኔታ በቁጥር ማየት ይቻላል። የሚናደድባችሁ አስተማሪ ካለ ወደ እኔ ላኩት።

የደሴው ልጅ ሪስኪውን የሚጀምረው በሚቀጥለው ሙቀት ነው። ሥራ አስኪያጁ ክፍያውን በሦስት ጊዜ ከደመወዙ እንዲቆርጥለት አስፈርሜዋለሁ። ኤክሴሉ ላይም ስሙን ጨምሬያለሁ፤ ለጊዜው ነጭ ነው።